«ያዘጋጀችው» ብለሽ ጻፊ

«እንደምን ሰነበቱ እትዬ። ዕድሜዬ 29 ነው። አምስት ኪሎ በኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተመርቄ፣ ሁለተኛ ዲግሪዬን በሪሞት ሴንሲንግ አራት ኪሎ ሠርቻለሁ። አሁን ሜክሲኮ አካባቢ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ከሳተላይት የሚመጣ ምስል እየተነተንኩ የሰብልና የደን ካርታ አወጣለሁ። አምስት ዓመት ሆነኝ። ካርታውን የምሠራው እኔ ነኝ። ስብሰባ ላይ የሚያቀርበው ግን ሁሌም አንድ ወንድ ባልደረባዬ ነው። እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ። መስክ ልውጣ ስል ‹መንገዱ ለሴት አይመችም› ይሉኛል። እናቴ ፒያሳ ዶሮ ማነቂያ ተወልዳ ያደገች ሴት ናት፤ ‹ሰማይ ላይ ያለ ነገር ምን እንጀራ ይሆናል?› ትለኛለች። እጮኛዬ ደግሞ አንድ ባንክ በአይቲ ክፍል ሰው እንደሚፈልግ ነግሮኝ ተፈትኜ አለፍኩ። ደመወዙ አሁን የማገኘውን እጥፍ ነው። እስከ ነሐሴ መጨረሻ መልስ ስጪ ብለውኛል። ልሂድ? ውጭ አገር ልሞክር? ወይስ ልቆይ?»

ግራ የገባኝ፣ ከሜክሲኮ

እህቴ፣

ደብዳቤሽን ሁለቴ አነበብኩት። አንዴ ቤቴ ሆኜ፣ አንዴ ከለገሃር ወደ አራት ኪሎ በታክሲ ስመጣ። ሁለቴም ዓይኔ የቆመው ደመወዙ ላይ አይደለም። «እኔ ቃለ ጉባኤ እይዛለሁ» የምትለዋ ላይ ነው። ካርታውን የሠራችው ልጅ እስክሪብቶ ይዛ ሌላው ስለ ካርታዋ የሚናገረውን ትጽፋለች። ይሄ በጣም ቆረቆረኝ።

ከመልሱ ልጀምር። አትሂጂ። ግን አሁን ባለሽበት ሁኔታም አትቆዪ። ያስመረረሽ ሙያው አይደለም፤ የተቀመጥሽበት ወንበር ነው። ሁለቱን ሳትለዪ ከወጣሽ፣ ያው ወንበር ባንኩ ውስጥም ቀድሞሽ ይገኛል።

ካርታ ግርጌ ላይ ያለችውን ትንሽ ሣጥን ታውቂያታለሽ። «ያዘጋጀው»፣ «ያረመው»፣ «ያጸደቀው» የሚሉ ሦስት መስመሮች አሉባት። እኔ ይህን ዓምድ ከመጀመሬ በፊት 26 ዓመት ካርታ ሥራ ላይ ነበርኩ። በእኔ ጊዜ አብዛኛው ሥራ በአየር ፎቶ ነበር። ከአውሮፕላን የተነሱ ሁለት ፎቶዎችን ጎን ለጎን ስቴሪዮስኮፕ ሥር አድርገን፣ ተራራው ከወረቀቱ ላይ ብድግ ሲል እያየን እንስል ነበር። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ዓመታት በሠራኋቸው ካርታዎች ሁሉ «ያዘጋጀው» በሚለው መስመር ላይ የተጻፈው የቡድን መሪያችን ስም ነው። ማንም አላስገደደኝም። ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልጠየቅኩም። አንድ ቀን ሣጥኗን ስሞላ «ያዘጋጀው» የሚለውን ሰረዝኩና «ያዘጋጀችው» ብዬ ስሜን ጻፍኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር። አራሚው አየው፤ ቀና ብሎ እኔን አየኝ፤ ፈረመ። በቃ። ስድስት ዓመት የፈራሁት ነገር የዚያን ያህል አጭር ነበር።

ለሁሉም ሰው እንዲህ ይቀልላል አልልሽም። ግን ከዚያ ቀን በኋላ ካርታው ላይ ጥያቄ ሲነሳ የሚጠራው ሰው ተለወጠ። «ይሄ ወንዝ ለምን እዚህ ጋ ታጠፈ?» ሲባል ወደ እኔ ይመጡ ጀመር። ስህተት ሲገኝም እኔው ነኝ የምጠየቀው። ያም ደስ ይለኝ ነበር፤ የሚጠየቅ ሰው ነው መልስ የሚሰጠው። አንቺም ከነገ ጀምሮ ስምሽን ካርታው ላይም፣ ፋይሉ ውስጥ ባለው የመረጃ መግለጫ ላይም ጻፊ። ከእያንዳንዱ ካርታ ጋር ደግሞ አንዲት ገጽ አያይዢ። የትኛው ሳተላይት፣ በስንት ቀን የተነሳ ምስል፣ እንዴት እንዳረምሽው፣ የት የት ጋ እርግጠኛ እንዳልሆንሽ። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አትዝለያት። ካርታው የት ጋ ሊሳሳት እንደሚችል የሚያውቀው የሠራው ሰው ብቻ ነው። ያ ባልደረባሽ ስብሰባ ላይ እዚያ ነጥብ ላይ ሲደርስ ዞሮ አንቺን ማየቱ አይቀርም።

ስለ አንዲት ሴት ላጫውትሽ። ምናልባት ስሟን ሰምተሽ ይሆናል፤ ቨርጂኒያ ኖርዉድ ትባላለች። አሜሪካዊት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ኤምአይቲ ከሚባለው የአሜሪካ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ተመረቀች። ሥራ ስትፈልግ አንድ የምግብ ድርጅት «አላረግዝም ብለሽ ቃል ግቢ» አላት። ለተወሰነ ጊዜ ሱቅ ውስጥ የሴት ሸሚዝ እስከ መሸጥ ደርሳለች። በኋላ ራዳርና አንቴና ሠራች። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ምድርን ከሰማይ የሚያይ ሳተላይት ሊሠራ ሲታሰብ፣ መሬቱን በመስታወት እየጠረገ በአራት የብርሃን ዓይነት የሚያነብ መሣሪያ ነደፈች። ባለሙያዎቹ ይበልጥ የተማመኑት ግን በሌላው፣ በቴሌቪዥን ካሜራዎቹ ነበር። የእሷ መሣሪያ እንደ ተጨማሪ ዕቃ ነው የተጫነው። በሰከንድ 13 ጊዜ ገደማ የሚወዛወዝ መስታወት ሰማይ ላይ አይበረክትም ያሉም ነበሩ። እሷና ባልደረቦቿ የሙከራውን መሣሪያ በጭነት መኪና ጭነው ካሊፎርኒያን ዞሩባት፤ ዮሰሚቲ ያለውን ግዙፍ የድንጋይ ተራራ በዚያ መሣሪያ አነሱት።

ሳተላይቷ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 23 ቀን 1972 መጠቀች። ዛሬ ላንድሳት 1 የምንላት ናት። ካሜራዎቹ ብዙም ሳይቆዩ በኤሌክትሪክ ብልሽት ተዘጉ። የኖርዉድ መሣሪያ ከ5 ዓመት በላይ ሠራ። አንቺ ዛሬ ቀይና የማይታየውን የኢንፍራሬድ ብርሃን አነጻጽረሽ «ይሄ ማሳ ለምልሟል፣ ያኛው ጠውልጓል» የምትይው እሷ በከፈተችው መንገድ ነው። ጤነኛ ቅጠል ቀዩን ይውጣል፣ ኢንፍራሬዱን ይመልሳል። ያንን ከሰማይ በቁጥር ለቅሞ ማውረድ እንደሚቻል ያሳየችው ሴት «የላንድሳት እናት» ተብላ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 በ96 ዓመቷ አረፈች።

ይህን የማወራሽ «እሷ ከቻለች አንቺም ትችያለሽ» ለማለት አይደለም። እሱን ከምረቃ ንግግር ጠግበሻል። የእኔ ነጥብ ሌላ ነው። ኖርዉድን ለድል ያበቃት ክርክር አይደለም፤ መሣሪያዋን ተራራው ፊት ወስዳ ማቆሟ ነው። አንቺ ደግሞ እስካሁን ካርታሽን መሬቱ ፊት ወስደሽ አላቆምሽውም። አልወሰዱሽም። ስለዚህ ከደመወዙም፣ ከስብሰባውም በላይ የምታገልልሽ ነገር መስክ መውጣትሽ ነው።

እኔንም «ለሴት አይመችም» ብለው ዓመታት አስቀምጠውኛል። የመጀመሪያ መስኬ በቾ ነበር፣ ወደ ቱሉ ቦሎ። ቢሮ ቁጭ ብለን በነሐሴ ፎቶ አንድ ሰፊ ሜዳ «ያልታረሰ መሬት» ብለን ከልለነው ነበር። ጥቅምት ላይ ደርሼ ሳየው መሬቱ አረንጓዴ ነው። ዋልካ መሬት ነው፤ ክረምት ላይ ውኃ ይቋጥራል። ገበሬው ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቅና በመስከረም እርጥበቱ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል። አንዲት እናት ማሳቸው ዳር ቆመው በኦሮምኛ የሆነ ነገር ሲሉ ሾፌራችን ተረጎመልኝ። «ይሄን ባዶ ያለው ማነው? እኔ ከዚህ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት» ነው ያሉት። ባዶ ያልነው እኛ ነን። ስቴሪዮስኮፑ አልዋሸም፤ እኛ ጊዜውን አላወቅንም። ያንን ከቢሮ ሆኜ መቼም አላውቀውም ነበር። ከዚያ ወዲህ ስብሰባ ላይ በቾ ሲነሳ ቃለ ጉባኤ ያዢ ያለኝ ሰው የለም።

በዚህ ዘመን ይሄ ይበልጥ ያስፈልግሻል። ምክንያቱም ምስሉ የገበሬውን ማሳ ማየት የጀመረው ገና አሁን ነው። አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ገደማ ነው። የላንድሳት 1 አንድ ፒክሰል፣ ማለትም ምስሉ የሚሠራባት አንዲት ነጥብ፣ 80 ሜትር በ80 ሜትር ነበር፤ ከሁለት ጥማድ ተኩል ይበልጣል። የገበሬው ጤፍ ከጎረቤቱ ገብስና ከዛፉ ጋር አንድ ነጥብ ውስጥ ተፈጭቶ ነበር የሚታየው። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ከቻይና የመጠቀችው የእኛዋ ሳተላይት ኢቲአርኤስኤስ 1 ፒክሰሏ 14 ሜትር ገደማ ነበር። አንድ ጥማድ ላይ 13 ያህል ነጥብ ታሳርፍ ነበር። ያን ዕለት ንጋት ላይ እንጦጦ ተራራ ላይ የተሰበሰቡትን ሰዎች በቴሌቪዥን ሳይ እንባዬ መጥቷል። 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን ትንሽ ሳተላይት ናት፤ ግን የእኛ ልጆች የሚያዟት ነበረች። የአውሮፓዊያኑ ሴንቲኔል 2 ደግሞ 10 ሜትር ነው፤ በአንድ ጥማድ 25 ነጥብ ማለት ነው። በነፃ ይሰጣል። የላንድሳት ምስልም ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በነፃ ነው። እኛ አንድ ፎቶ ለማግኘት ደብዳቤ ጽፈን ወራት እንጠብቅ ነበር።

አየሽ፣ አሁን ምስሉ ለሁሉም እኩል ተከፍቷል። ሆላንድ የተቀመጠ ተማሪም ያንቺኑ ምስል ያወርዳል። እሱ የሌለው፣ አንቺ ልታገኚው የምትችይው ነገር ዋልካውን ማወቅ ነው። ጓያ መቼ እንደሚዘራ፣ ጤፍ መቼ ቢጫ እንደሚሆን፣ ባሕር ዛፍና ጽድ ከላይ ሲታዩ በምን እንደሚለያዩ። «መንገዱ አይመችም» ብለው ሲያስቀሩሽ የሚወስዱብሽ ይሄንን ነው። ውሎ አበል ብቻ እንዳይመስልሽ።

ሙያው ወደፊት አለው ወይ ብለሽ ታስቢ ይሆናል፤ አዎ፣ አለው። አንድ ነገር ግን ጨምሪበት፤ ራዳር ተማሪ። የእኛ ዋና ሰብል የሚበቅለው ክረምት ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ደግሞ የተለመደው ምስል ደመና ብቻ ይሆናል። የራዳር ሳተላይት ግን ደመናውን አልፎ፣ ሌሊትም ቢሆን ያያል። ሴንቲኔል 1 በነፃ አለልሽ። ራዳር የመሬት መነሳትና መስመጥም ይለካል። በመስከረም 1998 አፋር ውስጥ ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል መሬት ተሰንጥቆ በአንዳንድ ቦታ እስከ 8 ሜትር መስፋቱ የታወቀው በራዳር ምስል ነው። በ2017 ታኅሣሥና ጥር አዲስ አበባ ፎቅ ላይ ያለን ሰዎች አምፖል ሲወዛወዝ ስናይ፣ አዋሽ ፈንታሌ ሥር ምን እየተንቀሳቀሰ እንደሆነ ከተነበበባቸው መንገዶች አንዱም ይኸው ነው። የኤሌክትሪካል ምሩቅ ነሽ። ሲግናልና ሞገድ ላንቺ አዲስ አይደለም። ብዙ የጂአይኤስ (የኮምፒውተር ካርታ) ባለሙያ ራዳር ላይ ሲደርስ ይሸሻል። አንቺ አምስት ኪሎ የተማርሽውን አውጪው። ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ቋንቋ ካልያዝሽ ደግሞ ያዢው፤ ማታ ማታ አንድ ሰዓት ይበቃል።

አሁን ወደ ባንኩ ልምጣ። ገንዘብ ቀላል ነገር ነው አልልሽም። የቤት ኪራይ በአገር ፍቅር አይከፈልም። እጥፍ ደመወዝ ትተሽ «ለአገር ነው» ብለሽ እንድትጎሳቆዪ የሚመክርሽ ሰው ካለ አትስሚው። ግን አንድ ጥያቄ ጠይቂያቸው። የግብርና ብድር ክፍል አላቸው? ከሰብል መድን ጋር ይሠራሉ? እ.ኤ.አ. በ2009 ትግራይ ውስጥ አዲ ሐ የምትባል ቀበሌ ላይ የጤፍ ገበሬዎች ዝናብ ሲቀር ካሳ የሚያገኙበት መድን ተሞክሯል። የዝናቡን መጠን ለማወቅ የሳተላይት መረጃ ነበር የሚጠቀሙት። ለገበሬ የሚያበድር ባንክ ማሳውን የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። በዚህ በር ከገባሽ ሙያሽን ይዘሽ ነው የገባሽው፤ እኔም እመርቅሻለሁ። የኔትወርክ ገመድና የፓስወርድ ጉዳይ ከሆነ ግን፣ ሦስት ዓመት ቆይተሽ ልመለስ ስትይ ብዙ ነገር አምልጦሽ ታገኚዋለሽ።

ውጭ አገር መማርን አልቃወምም። ሆላንድ ኤንስኬዴ ያለው አይቲሲ የሚባለው የሙያችን ትምህርት ቤት ስንቱን የእኛን ባለሙያ አስተምሮ መልሷል። ግን ከመስክ በኋላ ሂጂ። የራስሽን ጥያቄ ይዘሽ የሄድሽ እንደሆነ ትምህርቱ ሌላ ጣዕም አለው።

እናትሽን በተመለከተ ክርክር አትግጠሚ። አንድ እሑድ ቡና ተፈልቶ እያለ ላፕቶፕሽን ክፈቺና አጠገባቸው ተቀመጪ። የ2008ን የፒያሳ ምስል አውጪ፤ ሴንቲኔል 2 አለው። መጀመሪያ ጊዮርጊስን አሳያቸው። ክቡን ቅጥርና ዛፎቹን ሲያዩ ቦታውን ያውቁታል። ከዚያ ተያቸው፤ በጣታቸው መንገዳቸውን ራሳቸው ይፈልጋሉ። በ10 ሜትር የእያንዳንዱ ሰው ቤት አይለይም፤ የዶሮ ማነቂያ ቆርቆሮ ጣሪያዎች እንደ አንድ ግራጫ ጨርቅ ተያይዘው ነው የሚታዩት። ቀጥለሽ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ፣ ከ2016 በኋላ የተነሳውን ምስል ክፈቺ። ምንም አትበይ። እናትሽ ልጅነታቸው የነበረበትን ቦታ ከሰማይ ያዩታል። ምናልባት ያለቅሳሉ፤ እኔ ሳየው አልቅሻለሁ። ምናልባት «ይሄን ማነው ያስቀመጠው?» ይሉሻል። ያኔ ሥራሽ ምን እንደሆነ ትነግሪያቸዋለሽ። የሆነው ነገር እንዳልነበረ እንዳይሆን የሚያስቀምጥ ሥራ ነው። የጠፋ ደን፣ የደረቀ ሐይቅ፣ የተነሳ ሰፈር። ሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ነበር ብሎ የሚከራከር ሰው ማስረጃው እዚያ ውስጥ አለለት።

እጮኛሽ ክፉ ያሰበ አልመሰለኝም። ሥራ ፈልጎልሻል፣ ያውም ያገኘው ጥሩ የሚከፍል ነው። ግን ከሠርጉ በፊት በግልጽ ጠይቂው። «በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ለአሥር ቀን መስክ እወጣለሁ። ልጅ ስንወልድም እቀጥላለሁ። እንዴት ነው?» በይው። መልሱን በጥሞና ስሚው። ፊቱንም እይው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የወሊድ ፈቃድ ከመውለድሽ በፊት 30፣ ከወለድሽ በኋላ 90 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያለው በሁለታችሁ ስምምነት ላይ የቆመ ነው። ይህን ዛሬ ያልተነጋገረ ሰው ልጁ ሲያለቅስ አይነጋገርም።

ባንኩ መልስ እየጠበቀ ስለሆነ ይህን ሳምንት አታሳልፊው። ወደ አለቃሽ ቢሮ ግቢ። በስልክ አይሁን፤ በቴሌግራምም አይሁን። አታልቅሺ፣ አትማረሪ፤ ስለ ባልደረባሽም ክፉ አትናገሪ። ሁለት ነገር ብቻ ጠይቂ። «የመኸር ካርታውን እኔ ነኝ የሠራሁት፤ የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ እኔው ላቅርበው። ማረጋገጫ የሚሰበስበው ቡድን በመስከረም ሲወጣ ደግሞ ስሜ ይግባ።» መንገዱ ካሉሽ፣ «ካርታው ላይ ለምርመራ የመረጥኳቸውን ነጥቦች የማውቃቸው እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው ቢሄድ ጂፒኤስ ይዞ የተሳሳተ ማሳ ላይ ይቆማል» በያቸው። እውነትም ነው። አዳር ካሳሰባቸው ሌላ ሴት ባለሙያ አብራሽ እንድትወጣ ሐሳብ አቅርቢ። ጥያቄሽን በጽሑፍም አስገቢ፤ ቁጥር ይውጣለት።

ሁለቱንም እንቢ ካሉሽ፣ ባንኩ የመድን ሥራ ባይኖረውም ሂጂ። ያለ ጸጸት ሂጂ። ስምሽንም መሬቱንም የሚከለክል ቤት ሌላ አምስት ዓመትሽን ሊበላ አይገባውም። አንዱን እሺ ካሉሽ መስኩን አስቀድሚ፤ ስብሰባው በኋላ ራሱ ይመጣል። ሁለቱንም እሺ ካሉሽ ለባንኩ አመስግነሽ ደብዳቤ ጻፊ።

ከአምስት ኪሎ ጀምረሽ ስትለፊ ኖረሽ፣ ገና በ29 ዓመትሽ «ልተወው ወይ» ብለሽ መጠየቅሽ አሳዝኖኛል። ደብዳቤሽን የጻፍሽበት እጅ ግን የሚተው ሰው እጅ አይመስልም። ስለ ካርታው ስትጽፊ ቃላቶችሽ ይፈጥናሉ፤ ስለ ባንኩ ስትጽፊ ደመወዙ ላይ ደርሰሽ ቆመሻል።

በቾ ከደረስሽ ሽምብራው ገና ሲበቅል ታገኚዋለሽ። ቦቲ ጫማ ያዢ። ዋልካው በመስከረም ሸራ ጫማ አውልቆ ያስቀራል።